በዶማ የተቆጠሩ ቤቶች

የሰዒዳ አደም ቁጣ አፍንጫዋ ላይ ነው ይላሉ ከሚሴዎች። ውሸታቸውን ነው። አፍንጫ ላይ ያለ ቁጣ ሲያስነጥሱ ይወጣል። የሷ አንጀቷ ውስጥ የተቀመጠ፣ ምክንያት ሲያገኝ ብቻ የሚነሳ ቁጣ ነው። ምን ይደረግ፣ በዚህች ከተማ ደግሞ ምክንያት አይጠፋም።

ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከባጃጅ ጥገናው ቀጥሎ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል የቤት ፕላን ትሠራለች። ኮምቦልቻ ሄዳ ሙያውን የተማረችው በእርሳስና በማስመሪያ ነው። ኋላ ኮምፒውተር መጣና ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመረች። ደንበኛ ገብቶ «ፕላን ሠሪው የት ሄደ?» ሲላት፣ «ወጣ ብሏል፣ ተቀመጥ» ትለዋለች። ሰውየው ይቀመጣል፣ እሷም ሥራዋን ትቀጥላለች። ሰልችቶት «ኧረ ቆየ እኮ» ሲል ቀና ትልና «መጥቷል፣ ምን ፈልገህ ነበር?» ትላለች። በዚህ ጠባይዋ ስንት ደንበኛ እንደሸሻት አላህ ይወቀው። አንድ ባልም በዚሁ ሄዷል፣ ወይም እሷ ሄዳለች፣ እንደሚያወራው ሰው ነው። ከፍቺው በኋላ ተመልሳ የገባችው ያሳደገቻት ረቢአ ቤት ነው።

ረቢአ የናቷ ጣውንት ነበረች። አባቷ አደም ሁለት ሚስት ነበረው፤ ሰሊማ የፊቱ ቤት፣ ረቢአ የጓሮው ቤት። ሰሊማ ሰዒዳን ጡት ሳታስጥል ሞተች። ታላቅ ወንድሟ ከማል ትንሽ ነፍስ አውቆ ስለነበር አልቅሶ ወጣለት፤ ሰዒዳን ግን ረቢአ አቅፋ ወደ ጓሮ ቤት ወሰደቻት። የራሷ ልጅ አልነበራትም። ጣውንት የጣውንቷን ልጅ ምን ታደርግ ይሆን ብሎ ሰፈሩ ዓይኑን ጣለባት። ረቢአ ሁለቱንም አጥባ፣ አብልታ፣ ቁርአን ቤት ልካ ለወግ ለማዕረግ አበቃቻቸው። ሁለቱም የሚጠሯት በኦሮምኛ «አዮ» ብለው ነው፣ እናቴ እንደማለት።

አደም የሞተ ጊዜ ዘመዶቹ መጥተው «ልጅ የለሽ፣ ምን ያስቀምጥሻል? ባቲ ወደ ወገኖችሽ ሂጂ» አሏት። አልተጣላቻቸውም። በሰንበቴ ገበያ ሰሌን ስትነግድ ያጠራቀመችውን ይዛ አናጢ ጠራች፣ የጓሮዋን ግድግዳ አስፈረሰችና ወደ መንገዱ የሚወጣ የራሷን በር አስገጠመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ቤቷ ስትገባም ስትወጣም በማንም ግቢ አልፋ አታውቅም። ቁልፉ በአንገቷ ክር ይንጠለጠላል። ሰዒዳ ስለ ረቢአ ስታወራ መጀመሪያ የምታነሳው ያንን በር ነው።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምህረት አንድ አልሚ ሰፈሩን አየና ወደደው። ውሉ ለማንም የሚገባ ነበር፦ ሰፈርተኛው መሬቱን ይለቃል፣ አልሚው ጂ ፕላስ አራት ይሠራል። ምድሩና የመጀመሪያው ፎቅ የአልሚው፣ ከዚያ በላይ ያሉት ሦስት ፎቆች የሰፈርተኛው። መሐንዲሱ ኢልያስ ከደሴ መጣ፤ ቁጥብና ጨዋ ሰው ነው። ሰዒዳ ሙያውን እንደምታውቅ ሰምቶ «በሦስቱ ፎቅ ስንት ቤት እንደሚወጣ ግምቱን አንቺ ሥሪው» አላት።

የግምቱ ፕሮግራም ጎበዝ ነው። የሕንፃውን ቅርጽ ትስሉለታላችሁ። ደረጃው ይህን ያህል ይበላል፣ ኮሪደሩ ይህን ያህል፣ ግድግዳው ይህን ያህል ብላችሁ ትነግሩታላችሁ። የተረፈውን እሱ ያካፍላል። የቤቱን ስፋት ከሰጣችሁት ስንት ቤት እንደሚወጣ ይነግራችኋል፤ የቤቱን ቁጥር ከሰጣችሁት ደግሞ እያንዳንዱ ስንት ካሬ እንደሚደርሰው፣ ስንት መኝታ እንደሚኖረው ባንድ አፍታ ያወጣል። ማን እንደሚገባበት ግን አይጠይቅም። ያ የሰው ሥራ ነው፣ ሰውም ባበላሸው!

ኢልያስ ቁጥሩን ከቅሬው ጠየቀ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ በወሎ ቅሬ የሌለው ሰው ቀባሪ የለውም። የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ሼህ ሙሀመድኑር አንድ አፍታም ሳያስቡ «ሠላሳ ስምንት ነን» አሉት። አልዋሹም፤ ሼሁ ዋሽተው አያውቁም። እሳቸው የሚቆጥሩት ቅሬው ከጥንት ጀምሮ እንደሚቆጥረው በዶማ ነው። ሰው ሲሞት ከየግቢው አንድ ወንድ ዶማውን ይዞ መቃብር ሊቆፍር ይወጣል፤ ያልወጣ ይቀጣል። አንድ ዶማ፣ አንድ ቤት። ወንድ የሌላት ሴት በወንድሟ ወይም በእንጀራ ልጇ ዶማ ሥር ትጠቃለላለች። ሬሳ ለመቅበር ይህ ቆጠራ እንከን አይወጣለትም።

ሰዒዳ ሠላሳ ስምንት ብላ አስገባች። ሰፋፊ ቤት ወጣ፤ ሁለት መኝታ፣ ኩሽና፣ የእንግዳ ሳሎን ለብቻው። ኢልያስ በቅሬው ድንኳን ውስጥ ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ በፕሮጀክተር ሲያሳያቸው ወንዶቹ በየሳሎናቸው በሐሳብ ተጋደሙ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ሰዒዳ ቢሮ እየመጣ የሚፈልገውን ቤት በጣቱ ያሳያት፣ እሷም ስሙን በፕላኑ ላይ ትጽፍለት ጀመር።

አንድ ቀን ከማል መጣ። ፀሐይ የሚገባበትን መረጠና ስሙን ጻፈችለት።

«የአዮስ የቱ ይሁን?» አለችው።

«የአዮ ምኑ?»

«ቤቷ ነዋ!»

«አዮ ከኔ ጋር አይደለች እንዴ? በኔ ዶማ ናት እኮ» አለ ከማል፣ ለምን እንደምትጠይቀው ግራ ገብቶት። «ሳሎኑ ሰፊ ነው። አንዱን ጥግ መጋረጃ እናደርግላታለን።»

«መጋረጃ?»

«ጥሩ መጋረጃ ነው የምገዛላት፣ ወላሂ!»

የሰዒዳ ደም ፈላ። የድሮ የእንጨት ማስመሪያዋ እጇ ላይ ነበር፤ በከማል ጆሮ ሥር አልፎ ግድግዳው ላይ ተሰበረ። ጡቷን አልጠባ ይሆናል፣ ግን ያቺ ሴት ናት ገላውን ያጠበችው! ያቺ ሴት ናት በወባ ሲንቀጠቀጥ አቅፋው ያደረችው! የራሷን በር በራሷ ግድግዳ ያስወጣችን ሰው ወስዶ መጋረጃ! «ውጣልኝ!» አለችው፣ ከማልም ወጣ። ከዚያ ቢሮዋን ቆልፋ ሰፈሩን በር ለበር ዞረች። ዶማ የሌላቸው አስራ ስድስት ቤቶች አገኘች። አምስቱ ሁለተኛ ሚስቶች ናቸው፤ አስራ አንዱ ባል የሞተባቸውና የተፈቱ ሴቶች፣ ረቢአም ከነሱ አንዷ። በድምሩ ሃምሳ አራት ቤት። ወደ ቢሮ ተመልሳ ሃምሳ አራት ብላ አስገባች፤ ፕሮግራሙ የእንግዳ ሳሎኑን ከሁሉም ቤት አጠፋው። መኝታዎቹ እንዳሉ ናቸው፣ ሳሎንና ኩሽናው አንድ ላይ ሆነ። ቤት ነው፣ ይኖሩበታል።

የሚቀጥለው አርብ ከጁምዓ በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ሰዒዳ ላፕቶፗን አቅፋ ከሴቶቹ መሀል ተነሳችና ወደ ፊት ወጣች። ማጉረምረም ተነሳ፤ አልሰማችውም።

«ቁጥሩ ተሳስቷል» አለች። «አስራ ስድስት ቤት ቀርቷል።»

«አልተሳሳተም ልጄ» አሉ ሼሁ በትዕግሥት። «ዶማው ይታወቃል።»

«ሼህ፣ አንቱ ሰው ሲሞት ስንት ዶማ ይዘው ይወጣሉ?»

«አንድ ነዋ።»

«እንግዲያ ያንቱም ቤት አንድ ነው። እትዬ ዘይናና እትዬ ቶይባ ባንድ ኩሽና ሊገቡ ነው።»

ዘይናና ቶይባ የሼሁ ሚስቶች ናቸው፤ ሰላምታ ከተለዋወጡ ስንት ረመዳን እንዳለፈ ራሳቸውም አያስታውሱትም።

«ለኪ!» አለች ቶይባ ከኋላ፣ እምቢ ማለቷ ነው። «ወላሂ ለኪ! ከሷ ጋር?»

«የኔን ጀናዛ አውጥታችሁ እሷን አስገቧት!» አለች ዘይና።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሼሁ ግንባራቸውን በኩታቸው ጠረጉ። ሁለት ሚስት ያላቸው ሌሎቹ ወንዶች እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ፤ ሳቁ እነሱ ዘንድ አልደረሰም። ተነስተው ከድንኳኑ ውጭ ቆመው ተማከሩ። ሰዒዳ ደስ ብሏት ነበር። ተሳካ ብላ ነበር፣ የዋህ!

ሲመለሱ ሼሁ እንዲህ አሉ፦ «ተሳስተናል፣ አስተግፊሩላህ። ሚስት ቤቷ ይገባታል፣ ሸሪዓውም ይላል። አምስቱ ይጨመሩና አርባ ሦስት ይሁን።»

«አስራ አንዱስ?»

«ባል የሌላቸው እንደቀድሞው በዶማቸው ይጠቃለሉ። ሳሎኑን ጨርሰን ካጠፋነው ወዳጃ ተቀምጠን ዱዓ የት ልናደርግ ነው? እንግዳ የት ልናሳርፍ ነው?»

ሰዒዳ ወደ ወንዶቹ ረድፍ ቀረበች። «የምትጮህባችሁን ቆጠራችሁ!» አለች። «እቤት ስትገቡ የምትጠብቃችሁን ቆጠራችሁ! ዝም ያለችዋን ጣላችኋት! ለወዳጃ ነው? ዱዓ የምታደርጉበትን ሳሎን ከመበለት ቤት ቆርሳችሁ አላህ ሊሰማችሁ ነው?»

«ሰዒዳ፣ በቃ!» አለ ከማል ከፊት ረድፍ ተነስቶ። «አዮን የምጦር እኔ አለሁ!»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!» አለችው።

ይሄ በወንድም ላይ በአደባባይ የሚባል አልነበረም። አሮጊቶቹ ሳይቀሩ «ውይ!» አሉ። ሼሁ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው አስቀመጧት፤ ማለት ሊያስቀምጧት ሞከሩ፣ እሷ ላፕቶፗን ዘግታ ወጣች። «በዚህ ቁጥር አልሠራም» ያለችው ኢልያስ አጠገብ ስታልፍ ነው። ኢልያስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። በማግስቱ ግን አርባ ሦስት ብሎ ራሱ አስገባውና ጨረሰው። ሰዒዳን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይሄ ነው፤ አስራ አንድ ሰው ለመጣል ሁለት ቁልፍ መንካት በቂ መሆኑ።

ቤት ስትገባ ረቢአ ደጃፏ ላይ የተበጠሰ ሰሌን ትጠግን ነበር። ሰዒዳ መጋረጃውንም፣ አርባ ሦስቱንም፣ ሁሉንም እየጮኸች ነገረቻት። ረቢአ ቀና ሳትል ሰማቻት።

«ዲሲ፣ ተይው ልጄ» አለች ሲያልቅ።

«ምኑን ነው የምተወው?»

«ጩኸቱን።»

«አንቺ ደግሞ! ከሳሎን ጥግ ሊጥሉሽ ነው እኮ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትቀመጪ?»

«ሰሌን እየጠገንኩ» አለች ረቢአ።

ሰዒዳ በዚያ ቀን የተቆጣችው ከቅሬው ይልቅ በረቢአ ነው። ጉልበቷን ሁሉ አፍስሳ የታገለችላት ሰው እጇን አጣጥፋ ስታያት ምን ታድርግ? ለቀናት ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። ረቢአ የተጠገኑ ሰሌኖቿን ተሸክማ በየሴቶቹ ቤት ትዞራለች፤ ትገባለች፣ ትቆያለች፣ ትወጣለች። ንግድ ነው ብላ ሰዒዳ ልብም አላለችው።

ሰፈርተኛው ዕቃውን እየጫነ ኪራይ ቤት ገባ። ረቢአም ለጎረቤት ዕቃ ስታጋግዝ ታየች፤ የከማልን ድስት በእጇ ጠቅልላለታለች። የራሷን ዕቃ ግን አላሰረችም፤ ሰዒዳም በኩርፊያዋ አልጠየቀቻትም። ሼህ ሙሀመድኑር ለአልሚው ደውለው «ሁሉም ለቋል» አሉት። በሳቸው ቁጥር እውነታቸውን ነው።

ዶዘሩ የመጣ ቀን ሰዒዳ ቢሮዋ ነበረች። ሊያፈርሱት የመጡትን ላለማየት ሆን ብላ በሯን ዘግታለች። ከሰዓት ላይ አንድ ባለባጃጅ መጥቶ በሩን ደበደበው። «ሰዒዳ! እናትሽ ዶዘር አስቁማለች!»

ስትደርስ ያየችውን ማመን አቃታት። ሰፈሩ ፈርሶ መሬት ሆኗል፤ የፊት ቤቶች፣ አጥሮች፣ የከማል ቤት፣ የሼሁ ሁለት ቤቶች ሁሉ አፈርና የጭቃ ክምር ናቸው። በዚያ ሜዳ ላይ፣ እዚህም እዚያም፣ አስራ አንድ ትናንሽ ቤቶች ቆመዋል። በየደጃፋቸው አንዳንድ ሴት ሰሌን ዘርግታ ተቀምጣለች። ማንም አይጮህም። የዶዘሩ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ጥላ ሥር ቁጭ ብሏል። «ሰው ተቀምጦበት አልነዳም» ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ቢነዳስ? ሴቶቹን ማንም ፈርሙ ብሏቸው አያውቅም፤ ያልፈረመ ሰው ቤት ማፍረስ አልሚውን ከከተማው ጋር ያጣላዋል።

ወንዶቹ ረቢአ ደጃፍ ተሰብስበዋል። ኢልያስ ስልኩን ከጆሮው አራቅ አድርጎ ይዟል፣ የአልሚው ጩኸት ከውጭ ይሰማል።

«ረቢአ፣ ምነው?» አሉ ሼሁ። «ሥራ እኮ ቆመ።»

«መርሀባ ሼህ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጡ ይቅርና ቤቱን ልቀቂ።»

«የቱን ቤት?»

«ይሄን የተቀመጥሽበትን!»

«ይሄ ቤት በቁጥራችሁ አለ?» አለች ረቢአ።

ሼሁ ወደ ኢልያስ ዞሩ።

«የተቆጠሩት ይልቀቁ ተብሎ ለቀቁ፤ እኔም ዕቃ አጋገዝኳቸው» አለች ረቢአ በዚያው ድምፅ። «እኛ መች ተቆጠርን? ያልተቆጠረ ሰው ምኑን ይለቃል?»

«አዮ!» አለ ከማል። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ቤቴን አፍርሻለሁ እኮ! ልጆቼ ሰው ቤት ናቸው፣ ሕንፃው ካልተጀመረ የት ልገባ ነው?»

«እኔ ዘንድ ና» አለችው። «ጠባብ ነው፣ ግን አንዱን ጥግ መጋረጃ አደርግልሃለሁ።»

ከማል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰዒዳ ሳቅም እንባም ባንድ ላይ መጣባት፣ ሁለቱንም ዋጠቻቸው። ቁጣዋ አልበረደም፤ እንዲያውም ያኔ ነው የባሰባት። እነዚህ ሰዎች ይህን እንዲሰሙ ቤታቸው መፍረስ ነበረበት? ቢነግሯቸው አይበቃም ነበር?

ኢልያስ ስልኩን ዘጋ። «ወይ ሃምሳ አራት ይሆናል፣ ወይ ዶዘሩ ይመለሳል። ሌላ የለም» አለ። ወንዶቹ እየተናደዱ ተያዩ። አንዱ ስለ ሳሎኑ ሊያነሳ ሲል ሼሁ ዞረው «ቤት የሌለው ሳሎን ምን ይሠራልሃል?» ብለው አፉን አስያዙት። ከዚያ ወደ ሰዒዳ ቀረቡ።

«ልጄ፣ በይ ጻፊያቸው።»

«ሴቶቹን እኔ አውቃቸዋለሁ» አለች ሰዒዳ ላፕቶፗን ረቢአ ሰሌን ላይ እየከፈተች። «ከአፍዎ ካልሰማሁ አልጽፍም። አንድ በአንድ ይጥሩልኝ።»

ሃምሳ አራት ብላ አስገባች። በየፎቁ ያሉት ቤቶች ተጠጋጉ፣ አስራ አንድ ስም የሌላቸው ቤቶች ወጡ። ሼሁ በአፈሩ ላይ ከቤት ቤት እያዩ መጥራት ጀመሩ፣ እሷም ትጽፋለች። ተራው ረቢአ ጋ ደረሰ።

«የአደም ሚስት» አሉ።

«አደም ሞቷል፣ አላህ ይዘንለት» አለች ረቢአ። «እሱ ቤት አይፈልግም።»

«እንግዲያ ምን ልበል?»

«ስም አለኝ።»

ሼሁ ሙሽራ ሆና ከመጣች ጀምሮ ያውቋታል። ስሟን ከነአባቷ ጠርተው ግን አያውቁም፤ ቅሬው ውስጥ እንደዚያ የጠራት ማንም የለም። ኩታቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መሬት መሬት እያዩ «ረቢአ ዩሱፍ» አሉ በለሆሳስ።

«አልሰማሁም» አለች ሰዒዳ።

ሰምታለች። ሼሁም መስማቷን አውቀዋል። ቀና ብለው፣ ፈርሶ የተኛው ሰፈር ሁሉ እስኪሰማው ድረስ ጮክ ብለው ደገሙት።